ሽንሽን፤ የማጠፍና የመቍረጥ ቃል

ሰው የሚለብሰው ልብስና ሰው የሚናገረው ቋንቋ በጠባያቸው የተቀራረቡ ናቸው። ልብስ ከክር፣ ንግግር ከፊደል ይጀምራል፤ ሁለቱም በልማድ ይሰፋሉ፤ ሁለቱም የባለቤታቸውን አገርና ማዕርግ፣ ሐዘንና ደስታ ሳይጠየቁ ያስታውቃሉ። ከዚህም የተነሣ የቋንቋችንን ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ምርመራውን ከሸማኔው ጉድጓድና ከልብስ ሰፊው መኪና ቢጀምር ከነገሩ አልራቀም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው «ሽንሽን» የሚባለውን ቃል ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ገበያ ለሚውል ሰው ቃሉ ብቻ ሳይሆን ነገሩም በዓይኑ ፊት ነው፤ ከወገብ ጀምሮ ተደርድሮ የወረደ ቀሚስ፣ በላዩም የተጠመጠመ መቀነት። ነገር ግን ቃሉን ሁሉ ሰው ስለሚያውቀው የሚመረምረው አላገኘም። ደራስያን ለጌጥ ያህል ያስገቡታል፤ ጸሐፊዎች በደብዳቤ ላይ እንደ መጣላቸው ያሰፍሩታል፤ ተማሪዎችም «እጥፍ»ን በ«ሽንሽን»፣ «ሽንሽን»ን በ«ሽብሽብ» ይለውጣሉ።

አሳባችን በአጭሩ እንዲህ ነው። ሽንሽን የጌጥ ቃል አይደለም፤ ማጠፍና መቍረጥ የተገናኙበት ቃል ነው። ተናጋሪው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚናገር ለይቶ ካላወቀ አንባቢውን ያሳስታል፤ አንዳንድ ጊዜም ስሕተቱ ከመጽሐፍ ገጽ አልፎ ከሰው ማሳ ይደርሳል።

፩፤ የእጥፋት ቤተ ሰብ

በመጀመሪያ ሽንሽንን ከወንድሞቹ መካከል ለይቶ ማቆም ያስፈልጋል፤ አማርኛ ለጨርቅ እጥፋት አንድ ቃል ብቻ ሰጥቶ አላለፈምና።

የቤተ ሰቡ ታላቅ ወንድም «እጥፍ» ነው። ይህ ቃል በግእዝ «ዐጸፈ» ከሚለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ዐጽፍ» በግእዝ መጐናጸፊያ ማለት ስለ ሆነ፣ ማጠፍና መልበስ ከጥንት ጀምሮ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸውን እንረዳለን። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን «አጣፋ» ይባላል። እጥፍ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ይቈጠራልም። ጋቢ አራት እጥፍ ነው ስንል ቍጥሩን እየተናገርን ነው። ደግሞም እጥፍ ሲዘረጋ ጨርቁ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሁለተኛው «ሽብሽብ» ነው። ክር ገብቶበት ክሩ ሲሳብ ጨርቁ በአንድነት ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ተሸበሸበ ይባላል። እዚህ ላይ ሰው የሚያዘው ክሩን እንጂ እያንዳንዱን እጥፋት አይደለም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ቢሆን የሚያርመው የለም። በዕድሜ ብዛት የሰው ፊት ተሸበሸበ የሚባለውም ስለዚሁ ነው። በማሕሌት ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ወዲያና ወዲህ እያሉ የሚያሸበሽቡት ሽብሸባም ድምፁ ከዚህ ቃል ጋር አንድ ነው። ያየው ሰው ነጩ ልብስ በመደዳ ሲሰበሰብና ሲለቀቅ፣ ቃሉና እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚስማሙ ያስተውላል።

ሦስተኛው «ጭምድድ» ነው፤ በወረቀትም «ጭርምትምት» ይባላል። ይህ እጥፋት አሳቢ የለውም። ተኝቶበት የተነሣ ሰው ልብሱ ይጨማደዳል፤ ዘበኛው በኪሱ የሰነበተው ደብዳቤ ይጨረማመታል። እጥፍ ሥርዓት ከሆነ ጭምድድ የሥርዓት መጥፋት ነው።

«ሽንሽን» ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እንደ እጥፍ ሆን ተብሎ የሚሠራ ቢሆንም አንድ ብቻውን አይቆምም፤ ብዙ መሆን አለበት። እንደ ሽብሽብ ብዙ ቢሆንም እያንዳንዱ በእጅ ተለክቶ እኩል ይሆናል። ከላይ በስፌት ተይዞ ከታች የተለቀቀ ነው፤ ለባሹ ሲቆም ይከደናል፣ ሲራመድ ይከፈታል። በሥርዓት መያዝንና በነጻነት መንቀሳቀስን በአንድ ጊዜ የሚናገር ሌላ የልብስ ቃል ለማግኘት ያስቸግራል።

ሊቃውንቶቻችን ለዚህ ዓይነት ምርመራ መሠረቱን አኑረውልናል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ በ1948 ዓ.ም.፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን በ1951 ዓ.ም.፣ የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ከውጭ አገር ሰዎችም ጎጃምን ጭምር ተዘዋውሮ ያየው አንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1881፣ ቶማስ ኬን ደግሞ ሁለት ቅጽ ያለውን ታላቅ ሥራውን በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አውጥተዋል። ሆኖም መዝገበ ቃላት የቃሉን በር ይከፍታል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ ዕቃውን አያሳይም። ቃሉ በምን ሰዓት፣ በማን አፍ፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደሚነገር መመርመር የሐያሲው ድርሻ ነው።

፪፤ የልብስ ሰፊው ሒሳብ

የሽንሽንን ባሕርይ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ልብስ ሰፊውን መመልከት ነው። ሰፊው ጨርቁን ዘርግቶ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ከምልክቱ ላይ ወደ ኋላ ያጥፋል፤ እንደገና ወደ ፊት ይመልሳል። ስለዚህ አንዱ ሽንሽን ሁለት እጥፋት አለው፤ በሁለቱም እጥፋት ምክንያት ጨርቁ በአንድ ስፍራ ሦስት ድርብ ይሆናል። ከሦስቱ ድርብ ለዓይን የሚታየው የላይኛው ብቻ ነው፤ ሁለቱ ከሥሩ ተሰውረዋል።

እንግዲህ የአንዱ ሽንሽን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ገጥሞ ቢደረደር፣ ወገብዋ 70 ሳንቲም ለሆነ ሴት 210 ሳንቲም ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ለስፌትና ለመጋጠሚያ የሚተወውን ሳይጨምር ነው። እያንዳንዱ ሽንሽን 3 ሳንቲም የሚታይ ቢሆን 6 ሳንቲም ደብቋል ማለት ነው። ገበያተኛው «ሽንሽን ጨርቅ ይበላል» የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛው፣ ሽንሽን የመትረፍረፍ ምልክት መሆኑ ነው። ጨርቅ በክንድ እየተለካ በሚገዛበት ቤት፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሰውሮ መልበስ ቀላል ነገር አይደለም፤ የበዓል፣ የሠርግ ወይም የጥሩ መከር ወሬ ነው። ደራሲ አንዲትን ችግረኛ እናት ሰፊ ሽንሽን ቢያለብሳት ጨርቁን ከየት እንዳገኘችው አንባቢው ሊጠይቀው መብት አለው። ስጦታ ነውን? የድሮ ኑሮዋ ቅሬታ ነውን? መልሱ ራሱ አንድ ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው ካላሰበበት ግን ልብሱ ከሰውነትዋ ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይበልጣል። ሰፊው ሽንሽንን በሚሠራበት ጊዜ መቀስ አያስፈልገውም። ጨርቁ ሃያ ጊዜ ቢከፋፈልም አንድ ጨርቅ ነው። ስፌቱ ቢፈታ 210 ሳንቲሙ አንድ ሳይጐድልበት ይዘረጋል። ሽንሽን እንግዲህ ሳይቈርጥ የሚከፍል ሥራ ነው። ነገር ግን «ሸነሸነ» የሚለው ግሥ በልብስ ላይ ብቻ አልቀረም። ቆዳ እየሰነጠቀ ጠፍር የሚያወጣ ሰው ቆዳውን ሸነሸነ ይባላል፤ ቦታ እየከፈለ ለብዙ ሰው የሚሰጥም መሬቱን ሸነሸነ ይባላል። በእነዚህ ላይ መቀስ ወይም ቢላዋ አለ፤ የተቈረጠውም ተመልሶ አንድ አይሆንም። አንዱ ቃል የሚያጥፈውንም የሚቈርጠውንም እጅ ይጠራል። የነገራችን እምብርት እዚህ ላይ ነው።

፫፤ ከቀሚስ ወደ ማሳ

ይህን ልዩነት ከሌላው አገር ይልቅ የቢቸናና የሞጣ ሰው አጥብቆ ያውቀዋል። ሁለቱም በዘውድ ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የየራሳቸው አውራጃ ስም ነበሩ። በዚያ አገር መሬት ርስት ነበረ። ርስት ደግሞ ከአንድ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ተቈጥሮ፣ ድርሻዬ ነው ብሎ የሚጠይቀው ነገር ነው። አለን ሆበን የሚባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ከዚያው ከጎጃም ከደጋ ዳሞት ያጠናውን ይህንኑ ሥርዓት በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጾታል።

ርስት በማሳ ላይ ሲታይ የተከፋፈለ ይመስላል፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከወንዙ ዳር ያርሳል። በዘር ሐረግ ሲታይ ግን አንድ ነው። ዛሬ የማያርሰው የልጅ ልጅ ነገ መጥቶ ቈጥሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ የተከፈለውም እንደገና ሊደለደል ይችላል። በቋንቋችን ምሳሌ እንናገር ብንል፣ ርስት እንደ ቀሚስ ሽንሽን ነበር፤ ከላይ በአባት ስም ተይዞ ከታች ለልጆች የተለቀቀ፣ የሚከፈል ነገር ግን የማይቈረጥ። ይህ ማለት ግን ሥርዓቱ ያለ እንከን ነበር ማለት አይደለም። የርስት ክርክር ስንቱን ቤተ ሰብ ከፍርድ ቤት ደጅ እንዳስረጀ፣ ርስት የሌለውም ሰው በዚያ አገር ምን ያህል ዝቅ ብሎ ይታይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እኛ የምንናገረው ስለ ቃሉ ነው።

ከዚህ ላይ ቆመን ስናይ፣ የጎጃም ገበሬ ቀላድን፣ ማለት የመሬት መለኪያ ገመድን፣ ለምን እንደ ፈራ ይገባናል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገበሬው ተነሣ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ የሹማምንቱ አሠራርም የግብሩ ሸክምም ይገኙበታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ግመታው የቀላድን መንገድ ይጠርጋል፣ ቀላድም ርስትን ያጠፋል የሚል ሥጋት ነበር። ገበሬው የፈራው መከፈልን አይደለም፤ ርስትማ ዘወትር ይከፈል ነበር። የፈራው መቀሱን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ የርስትን ሥርዓት አበቃ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተከፋፈለ፤ የዚያ ጊዜ ስሙም «የመሬት ሽግሽግ» ነበር። ይህን ስም ሐያሲ ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። መሸጋሸግ በአንድ መደብ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ለመጣው እንግዳ ቦታ ለመልቀቅ ጠጋ ጠጋ ማለታቸው ነው። በፈቃድና በይሉኝታ የሚደረግ፣ ማንም ከመደቡ የማይነሣበት ሥራ ነው። መሬቱ የተነሣበት ሰው ግን ተሸጋሸገ ሲባል በጆሮው እንዴት እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ክፍፍሉ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለሕግና ለታሪክ ሰዎች እንተወውና፣ ቃሉ ከሥራው ይልቅ የለሰለሰ መሆኑን ብቻ እንመስክር።

በከተማስ? በማዘጋጃ ቤቶች «ሽንሻኖ» የሚባል ቃል ተለምዷል፤ ትልቅ ቦታ በፕላን ተለክቶ ለቤት መሥሪያ ሲከፋፈል ማለት ነው። ይህን ቃል ማን እንደ ጀመረው አናጣራም፤ ሥራውን ግን እናመሰግናለን። ቋንቋው በራሱ ጥበብ ሁለቱን ነገሮች በመልክ ለይቶልናልና፤ ለቀሚስ «ሽንሽን»፣ ለቦታ «ሽንሻኖ»። የመጀመሪያው የታጠፈ፣ ሁለተኛው የተቈረጠ ነው። ጸሐፊ ይህን ልዩነት ቢጠብቅ ከቋንቋው ጋር ይሄዳል፤ ቢያፈርሰው ግን የተገኘውን ሀብት ይበትናል።

፬፤ ከቅኔው ደጅ

ስለ ድርብ ትርጕም ስንናገር ከቢቸና ብዙ የማይርቀውን የዲማ ጊዮርጊስን ደብር ሳናነሣ ልናልፍ አንችልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ በዛብህን የቅኔ ሰው አድርገው በዲማ ማኖራቸው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ያ አገር ቃልን ሁለት ድርብ አድርጎ መልበስ የተለመደበት አገር ነው፤ ላይኛው ሰም፣ ውስጠኛው ወርቅ ይባላል።

«ሸነሸነ» ለቅኔ የተዘጋጀ ኅብር ቃል መሆኑ ከላይ ከተናገርነው ይታያል። አንድ ጀማሪ በአማርኛ እንዲህ ብሎ ቢገጥም፤

ሰፊው አትሸንሽን የእናቴን ቀሚስ፣
አንድ ሆኖ ይቆይ ለልጅ ልጅ ይድረስ።

ሰሙ ልጅ ለልብስ ሰፊ የሚናገረው ነው፤ ወርቁ በእናት በኩል የመጣውን ርስት አትከፋፍሉብኝ ማለት ነው። «ሰፊው» የሚለውም ቃል ልብስ ሰፊውንም ሰፋ ያለውንም ስለሚጠራ ለአሳቡ ይረዳዋል። ጀማሪው ደስ ሊለው ይችላል፤ የቅኔ መምህር ግን ደስ አይለውም። ለምን ቢሉ፣ ሰሙ እውነት አይደለምና። ቀሚስ ቢሸነሸን ምን ይጐዳል? አንድ ሆኖ ከመቆየትስ ማን ይከለክለዋል? ሽንሽን ጨርቁን አይቈርጠውም ብለናል። ገጣሚው ወርቁን ለማድረስ ቸኵሎ የልብስ ሰፊውን ሥራ ሳያይ አልፏል። በሰሙ ላይ የቆመ አንባቢ ካልረካ ወደ ወርቁ የሚያደርሰው መንገድ ይቈረጣል። እንግዲህ ጥቂት ብናርመው፤

ሰፊው ብትሸነሽን የእናቴን ቀሚስ፣
መቀስ አታስነካው ለልጅ ልጅ ይድረስ።

አሁን ሰሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጁ ሽንሽኑን አልከለከለም፤ መቀሱን እንጂ። ወርቁም ከመጀመሪያው ይልቅ ጠለቀ፤ ክፈሉ፣ ደልድሉ፣ ዘርን ከዘር የሚያያይዘውን ግን አትቍረጡ የሚል ሆነ። የተለወጠው ጥቂት ቃል ነው፤ ነገር ግን እርማቱ የመጣው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ነው። ምሳሌ የሚጸናው ምሳሌ በሚሆነው ነገር እውነት ላይ መሆኑን ተማሪዎች ከዚህ ይረዱ።

፭፤ በጽሕፈት ቤት

ይህ መጽሔት በመሥሪያ ቤት ሰዎች እጅ የሚገባ ስለ ሆነ፣ የእጥፋት ቃላት በደብዳቤና በሪፖርት ውስጥ ያላቸውን ኑሮ ሳንነካ ማለፍ አይገባንም። የጽሕፈት ቤት አማርኛ ከልብስ የተቀዳ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? «መዋቅር ተዘረጋ» እንላለን፤ የሚዘረጋው ሸማ ነው። «የሥራ መደቡ ታጠፈ» እንላለን፤ የሚታጠፈውም ሸማ ነው። «የትምህርት ዘርፍ»፣ «የጤና ዘርፍ» እንላለን፤ ዘርፍ ግን አስቀድሞ የልብስ ጫፍ ነው። እነዚህ መልካም ምሳሌዎች ናቸው፤ ችግሩ የሚነሣው ሸማውን ረስተን ቃሉን ብቻ ስንይዝ ነው።

ለምሳሌ «ታጠፈ» የሚለውን እንውሰድ። የታጠፈ ልብስ አልጠፋም፤ በሣጥን ውስጥ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይዘረጋል። ቃሉን ያጠፈ ሰው ግን ቃሉን አፈረሰ ይባላል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ከእነማይ ወይም ከሁለት እጁ እነሴ ገጠር ግማሽ ቀን ተጕዞ መጥቶ «ጉዳይህ ታጥፏል» ቢባል ምን ይረዳ? ተዘግቷልን? ተሰርዟልን? ወይስ ለጊዜው ተቀምጦ ነገ ይከፈታል? በይግባኝ የሚጠይቅበት ቀን የሚያልፈው ይህን ሲያሰላስል ነው። «ተሰርዟል»፣ «ተዘግቷል»፣ «ለጊዜው ቆሟል» የሚሉ የማያሻሙ ቃላት እያሉን፣ የሰው መብት በሚወሰንበት ወረቀት ላይ ኅብር ቃል ማስገባት ምን ይባላል? ቅኔ በማሕሌት ያምራል፤ በውሳኔ ደብዳቤ ላይ ግን ግፍ ነው።

ሁለተኛው «እጥፍ» በቍጥር ሲገባ ነው። የአንድ ማሳ የጤፍ ምርት 10 ኩንታል ነበር እንበል። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ተብሎ በሪፖርት ቢጻፍ አንዱ አንባቢ 20 ነው ይላል፤ ሁለት እጥፍ ሆነ ብሎ ስለ ተረዳ ነው። ሌላው 30 ነው ይላል፤ በነበረው ላይ ሁለት ጊዜ 10 ስለ ጨመረ ነው። ሸማ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ደግሞ 40 ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አራት ድርብ ይሆናልና። አንድ ሐረግ፣ ሦስት ቍጥር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ከ10 ወደ 20 ኩንታል ከፍ አለ» ብሎ መጻፍ። የሒሳብ አስተማሪዎችም አንድ ወረቀት አሳጥፈው ድርቡን ቢያስቈጥሩ፣ እጥፍ በጨርቅና እጥፍ በቍጥር እንዴት እንደሚለያዩ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይረዱታል።

፮፤ ለደራስያን

ወደ ሥነ ጽሑፍ እንመለስ። አንድ ደራሲ «የቀሚስዋ እጥፍ በነፋስ ተከፈተ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለማለት የፈለገው ሽንሽኑን ነው፤ እጥፍ አንድና የተኛ ነገር ስለ ሆነ ነፋስ አይጫወትበትም። «ሽንሽን የሞላበት የሽማግሌ ፊት» ቢል፣ ሽማግሌውን በልብስ ሰፊ እጅ የተሠራ አስመሰለው፤ ዕድሜ በሜትር አይለካም፤ ይሸበሽባል ወይም ያጨማድዳል እንጂ አይሸነሽንም። ሐዘንተኛይቱን «ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች» ቢል ደግሞ ልቅሶ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ በሐዘን ነጠላ ይዘቀዘቃል። በአለባበሱ ብቻ የሐዘኑ ነገር ሊነገር ሲችል፣ ደራሲው በሦስት መሥመር ዕንባ ሊያስረዳን ይደክማል።

ለዚህ ትችት ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው «ቋንቋ ያድጋል፤ ቃል ከቦታ ቦታ ይሄዳል፤ አንተ ልታስር ነውን?» የሚል ነው። እኛ የቃልን መሄድ አንቃወምም። ዘርፍ ከልብስ ጫፍ ተነሥቶ ሰዋስው ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ወደ መሥሪያ ቤት ተሻገረ፤ ማንንም አልጐዳም፤ ቋንቋውን አበለጸገ። የምንቃወመው መነሻውን ሳያዩ መሄድን ነው። ጨርቁን የሚያውቅ ደራሲ «ሽንሽን»ን ወደ ተራራም ወደ ወንዝም ሊወስደው ይችላል፤ ከጮቄ ተራራ ሥር የተደረደሩትን ሸንተረሮች ከላይ የተያዙ ከታች የተለቀቁ ሽንሽኖች አድርጎ ቢያይ እናደንቀዋለን፤ ምሳሌው ከነገሩ ጋር ተስማምቷልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የባላገር ቃል ነው፤ ለከፍተኛ ጽሑፍ አይሆንም» የሚል ነው። ይህስ ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳዝናል። ከውጭ አገር ቋንቋ የልብስ ስም ተውሶ ለማስገባት የማያፍር ብዕር፣ በሞጣ ገበያ በየሳምንቱ የሚነገረውን ትክክለኛ ቃል ለማስገባት ለምን ያፍራል? ከፍተኛ ጽሑፍ የሚባለው የቃሉ አመጣጥ ከየት እንደ ሆነ ታይቶ ሳይሆን ቃሉ በቦታው መዋሉ ተመርምሮ ነው።

እንግዲህ ነገራችንን እናጠቃልል። ሽንሽን ሳይቈርጡ የመክፈል ስም ነው፤ ሽንሻኖ ቈርጦ የመክፈል ስም ነው፤ እጥፍ የሚቈጠርና የሚዘረጋ፣ ሽብሽብ የሚሰበሰብ፣ ጭምድድ ያለ ሥርዓት የሚሆን ነው። አስተማሪዎች፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ ያሉት፣ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሸማኔውና ወደ ልብስ ሰፊው ልከው የሥራውን ቃላት ከነአሠራሩ ቢያስጽፉ፣ ማንም መዝገበ ቃላት ሊሰጠን ያልቻለውን ሀብት ያገኛሉ፤ ሥራው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳያልፍም ይቀመጣል። በመሥሪያ ቤት ያለነውም የሰው ማሳ፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ይግባኝ የሚወሰንበትን ወረቀት ከመፈረማችን በፊት፣ በውስጡ ካሉት ቃላት መካከል ሁለት ድርብ ሆኖ የተቀመጠ መኖሩንና አለመኖሩን ዘርግተን እንይ። የታጠፈ ቃል ካለ እኛው እንፍታው፤ ባለጉዳዩ ለመፍታት ሲደክም ቀኑ አይለፍበት።